ጠያቂ የማይፈራበት ጉባኤ

(በደሴ ከተማ ለሂሳብ፣ ለጤና፣ ለምህንድስናና ለኮምፒውተር ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የኦንላይን የሙያ ማኅበረሰቦችና አዳዲስ አባላት» የሚል ነበር። ስሙ ከበደኝና በራሴ አነጋገር ላውርደው። ቴሌግራም ላይ ባሉን የሙያ ቡድኖች ውስጥ አዲስ ሰው ገብቶ ሲጠይቅ ምን እንለዋለን? የምንለውስ ነገር ምን ያስከትላል?

በምሳሌ ልጀምር። ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ የሂሳብ ባለሙያ የሆናችሁ ግን ልጅቷን የምታውቋት ሊመስላችሁ ይችላል። በቅርቡ ተመርቃ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ተቀጠረች እንበል። ከእርሷ በፊት የነበረው ሰው ሥራ ለቅቆ ሄዷል፤ ጠረጴዛ እንጂ የሚያሳይ ሰው አልተወላትም። ወሩ ሊያልቅ ሲል የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ሥሪ ተባለች። ሁለት ሺህ አባላት ባሉት የሂሳብ ባለሙያዎች ቡድን ውስጥ ገብታ «ከደመወዝ ላይ ግብር የማይቆረጠው እስከ ስንት ብር ድረስ ነው?» ብላ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነባር አባል «ይህ መቶ ጊዜ ተጠይቆ መቶ ጊዜ ተመልሷል፤ ወደ ላይ ፈልጊ» አላት። ሌላው የሚስቅ ምስል ለጠፈ። ሦስተኛው «ዘንድሮ ምን ዓይነት ተመራቂ ነው የሚወጣው!» አለ።

ልጅቷ ታዛዥ ናት፤ ወደ ላይ ፈለገች። አገኘችም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጻፈ፣ በሠንጠረዥ የተደገፈ፣ ብዙ ሰው የወደደው መልስ ነው፦ እስከ 600 ብር ነፃ፣ ከዚያ በላይ 10 በመቶ፣ እያለ እስከ 35 በመቶ የሚወጣ። መልሱ በተጻፈበት ጊዜ ትክክል ነበር፤ የአዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ ነው። ነገር ግን ሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሠንጠረዡ ተለውጧል፤ አሁን ግብር የማይቆረጥበት የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ነው። 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው በአሮጌው ስሌት 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበታል፤ በአዲሱ 500 ብር። ልዩነቱ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ይህ ገንዘብ ስህተቱ እስኪታወቅ ድረስ በየወሩ ጆንያ ከሚሸከሙት ሠራተኞች ኪስ ይወጣል።

«ወደ ላይ ፈልጊ» ያላት ሰው ውሸት አልተናገረም። ጥያቄው በእውነትም ተደጋግሟል። ያረጀው መልሱ ነው፤ ማርጀቱን ደግሞ ከነባሮቹ አንድም ሰው አላየም፤ ምክንያቱም ነባር ሰው የሚያውቀውን አይፈልግም። መልስ ማርጀቱ የሚታወቀው አንድ የማያውቅ ሰው መጥቶ እንደገና ሲጠይቅ ነው። ያቺን ልጅ ያሳፈረ ቡድን የራሱን መዝገብ የሚያጸዳለትን ሰው ነው ያባረረው። እርሷም ከእንግዲህ አትጠይቅም።

ከእርሷ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን ያልጻፉት ናቸው። የዚያን ቀን ያንኑ ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው፣ ሳቁን አይተው ስልካቸውን ኪሳቸው የከተቱ አሉ። ስንት እንደሆኑ ማንም አይቆጥራቸውም። ቡድኑ ላይ የሚታየው ጸጥታ ነው፤ ጸጥታው ደግሞ የሰላም ይመስላል።

ከሆስፒታል የመጣችሁ ይህን ነገር ከእኔ የበለጠ ልታስረዱ ትችላላችሁ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ መልካም መሪና መልካም መግባባት ያላቸው የነርሶች ቡድኖች ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ የተመዘገበው ስህተት እነርሱ ዘንድ በዛ። በኋላ ሲመረመር ብዙ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ስህተትን መናገር የማያስፈራበት ቦታ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ዘንድ ስህተቱ ነበረ፤ የሚናገር ጠፋ እንጂ። ስለዚህ አንድ አስተዳዳሪ «የእኛ ቡድን ጨዋ ነው፤ የማይረባ ጥያቄ አይነሳበትም» ሲለኝ ደስ አይለኝም። ጥያቄው የት ሄደ ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ወሎ በእንግዳ አቀባበሉ ስሙ የተነሳ አገር ነው። መንገደኛ «ኑ ቡና ጠጡ» ሳይባል በራችንን አያልፍም፤ ሃይማኖቱን እንኳ የሚጠይቀው የለም። ታዲያ ያው ሰው ስልኩን ሲይዝ ለምን እንዲህ ይሆናል? ብዙ ሰው «ፊት ለፊት ስለማይተያይ ነው» ይላል፤ ግማሽ እውነት ነው። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ቡና ላይ ሥርዓት አለ። የምታፈላዋ ትታወቃለች፤ ለገባው ሰው ስኒ የምታቀርበው ትታወቃለች፤ አቦሉ ያመለጠው ቶና ይደርሰዋል። ቴሌግራም ላይ ሁለት ሺህ ሰው ተቀምጦ ስኒ የሚያቀርብ አልተሰየመም። እያንዳንዱ «ሌላው ይቀዳለታል» ይላል። ደጉ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ በኋላ እመልሳለሁ ብሎ አልፎታል። መጀመሪያ የሚጽፈው የተበሳጨው ነው፤ ብስጭት ጊዜ አይጠብቅምና። አንድ ቁጡ ሰው በሁለት ሺህ ደግ ሰው ስም ይናገራል ማለት ነው።

ስለዚህ «ደግ ሁኑ» ብዬ ልመክራችሁ አልመጣሁም፤ ደግነታችሁን አልጠራጠርም። የምጠይቃችሁ ሥራው የተሰጠው ለማን እንደሆነ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ነባር ሰው የጀማሪን ችግር ለምን እንደማያይ አንድ ነገር ላሳያችሁ። (እዚህ ላይ ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ አድማጮች ዘፈኑን እንዲያውቁት ጠየቅሁ። ከፊት አንዱ «መንዙማ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ትዝታ» አለች፤ ከኋላ ደግሞ «ሰው በር እያንኳኳ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። የሠርግ ዘፈን ነበር።) አያችሁ፣ እኔ ስመታ ከበሮውም፣ እልልታውም፣ ተቀባዩም ይሰሙኛል። ለእናንተ የደረሰው የጣውላ ድምፅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልሳቤጥ ኒውተን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ በሥርዓት ሞክራዋለች። 120 ዘፈኖች ተመቱ፤ አድማጮች ያወቁት 3 ብቻ ነው። መቺዎቹ ግን ግማሹ ይታወቅልናል ብለው ገምተው ነበር።

ስለ ሂሳብ መመዝገቢያው ሶፍትዌር ስለ ፒችትሪ ለጠየቀች ልጅ «ፒችትሪ ላይ ጄኔራል ጆርናል ገብተሽ አስተካክዪው» የሚል መልስም እንዲሁ ነው። ለመላሹ ሙሉ ዘፈን ነው፤ ለጠያቂዋ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ «ነግሬያት አልገባትም» እንላለን።

ነባሮቹም ጀማሪ የነበርንበትን ቀን ፈጽሞ ረስተነው አይደለም፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ወዲያው ትዝ ይለናል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ የኢትዮጵያ ሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ ዓለም አቀፉን የሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ተግብሩ ስንባል፣ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ደብተር ይዞ ሥልጠና ገባ። በእረፍት ሰዓት «ያ ነገር ምን ማለት ነበር?» ብሎ ጎኑ ያለውን በሹክሹክታ ይጠይቅ ነበር። ማንም «ወደ ላይ ፈልግ» አላለውም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስታክ ኦቨርፍሎውን ሳታውቁት አትቀሩም። ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት የጥያቄና መልስ መድረክ ነው። ጥንካሬው ጥብቅነቱ ነበር፤ የተደጋገመ ጥያቄ ይዘጋል፣ ወደ ቀድሞው መልስ ይመራል፣ ደካማ ጥያቄ ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል። በዚህም ዓለም የሚጠቀምበት ትልቅ መዝገብ ተሠራ። መልስ ለሚፈልግ ሰው ገነት ነበር፤ ለሚጠይቅ ሰው ግን ፍርድ ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ድርጅቱ ራሱ በአደባባይ ወጥቶ፣ ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ጀማሪዎችና ሴቶች፣ መድረኩን ፊት የሚነሳ ሆኖ እንደሚያገኙት አመነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከአዲስ ጠያቂ ስም አጠገብ ሰውየው አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ማኖር ጀመረ። ይህ ምልክት ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ብልህነቱን እወድለታለሁ። ነባሩን «ታገሥ» ብሎ አይሰብከውም፤ ከመጻፉ በፊት ማንን እንደሚያናግር ያሳየዋል።

የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ «አዲሶችን አትንከሱ» የሚል መመሪያ ከድሮ ጀምሮ አለው። ሆኖም የንቁ አዘጋጆቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጫፍ ደርሶ ማሽቆልቆል ጀመረ። በ2013 የታተመ ጥናት ምክንያቱን ሲፈልግ፣ በቅን ልቦና የመጡ ጀማሪዎች የጻፉት ነገር በአውቶማቲክ መሣሪያዎችና በደንብ ብዛት እየተሰረዘባቸው ተስፋ ቆርጠው እንደሚሄዱ አገኘ። መመሪያው ጽሑፍ ላይ አለ፤ ማሽኑ ግን ይነክሳል። በ2012 ጀማሪዎች ያለ ፍርሃት የሚጠይቁበት፣ መላሾች የተመደቡለት «ሻይ ቤት» የተባለ ገጽ ከፈቱ። ያኛው ምክር ነው፤ ይህኛው ምደባ ነው።

ባሕር ማዶ ድረስ ከመሄዳችን በፊት ግን ጎረቤታችንን ብናይ ምን ነበረበት? ዋድላ ሰሜን ወሎ ውስጥ ነው፤ የዋድላ ቅኔ ቤት ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በአንድ ረድፍ የሚጠራ ነው። እዚያ ጀማሪ የሚጀምረው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደርሰው ቀስ እያለ ነው። በገባበት ሳምንት «መወድስ ካልሞላህ ከዚህ ውጣ» የሚለው የለም። ደቀ መዝሙር ሲበዛ ደግሞ ጀማሪውን የሚረዳው ከእርሱ ቀድሞ የገባው ተማሪ ነው፤ ሁሉም የኔታ እግር ሥር አይሰለፍም። የእስልምናው ትምህርትም ከዚህ አይርቅም። የወሎ ሸኾች በየዘርፋቸው ስመ ጥር ነበሩ፤ ደረሳው (ተማሪው) ለነሕው (ለዓረብኛ ሰዋስው) አንዱ ዘንድ፣ ለፊቅህ (ለሃይማኖቱ ሕግ) ሌላው ዘንድ ይጓዛል። ለትንሹ ልጅ ሉሑን (የእንጨት ሰሌዳውን) እያሳየ ፊደል የሚያስቆጥረው ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለው ደረሳ ነው።

ዣን ሌቭ የተባለች የአንትሮፖሎጂ ምሁር ላይቤሪያ ውስጥ የልብስ ሰፊዎችን ሥራ ስታጠና ተመሳሳይ ነገር አየች፤ በኋላም ከኤቲየን ዌንገር ጋር በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሐሳቡን አሰፋችው። ጀማሪው መጀመሪያ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ያጥፋል፤ ቀጥሎ ይሰፋል፤ ጨርቅ መቁረጥ የመጨረሻው ነው፤ የተበላሸ ስፌት ይፈታል፣ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። ጀማሪው ዳር ላይ ነው፤ ዳር ላይ ሆኖም ግን የእውነት ሥራ ይሠራል። ሙያ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ለቡድኖቻችን ከዚህ የምንወስደው ይህ ነው፦ ጀማሪን በተሻለ የሚረዳው ትልቁ ሊቅ አይደለም፤ አምና ያን ጥያቄ የጠየቀው ሰው ነው። የተደናቀፈባት ድንጋይ ገና ከትዝታው አልወጣችም። እርሱ ሲመልስ ሊቁ ዝም ብሎ ያንብብ፤ ከተሳሳተ ያርመው።

አሁን ስለ ምደባው። ቡድን የምታስተዳድሩ በየሳምንቱ ሁለት ተረኛ ሰይሙ፤ አንድ ነባርና አንድ ከዓመት ወዲህ የገባ። ሥራቸው ሁሉን ጥያቄ መመለስ አይደለም፤ አንድም ጥያቄ ሳይነካ እንዳያድር ማድረግ ነው። «እኔ አላውቀውም፤ የጉምሩክ ሥራ የሚያውቅ ሰው እስከ ነገ ይመልስልሃል» ማለትም መልስ ነው። ተረኛው ሌላም ሥራ አለው፤ የሚያሳፍር ነገር የጻፈውን ሰው በግል ያናግረዋል። በአደባባይ አይገሥጸው፤ አለበለዚያ ቡድኑ የሁለት ሰዎች ጠብ መመልከቻ ይሆንና ጠያቂዋ በመሀል ትረሳለች።

ከላይ የሚሰቀሉ መልሶች ይኑሩ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መልስ የተጻፈበት ቀንና የተመሠረተበት አዋጅ ወይም መመሪያ ቁጥር ይጻፍበት። ቀን የሌለው መልስ ባይኖር ይሻላል። ሕግ ሲለወጥ አሮጌውን ማጥፋት አያስፈልግም፤ «እስከ ሰኔ 2017 ብቻ» ብሎ ምልክት ማድረግ ይበቃል። የድሮ ሂሳብ የሚያጣራ ኦዲተር ይፈልገዋል። ይህን ሥራ ለአዲሶቹ ስጡ። የሕግ ቁጥር እየፈለጉ መልስ ሲያጸዱ ሙያውን ይማራሉ፤ ቁልፍ እንደሚተክለው ልብስ ሰፊ።

ቀጥሎ ያለው ነገር በከተሞቻችን በጣም ከባድ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ሰው የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው። የሂሳብ ባለሙያዎች ቡድን ውስጥ ጠያቂዋ ብቻ አይደለችም ያለችው። አለቃዋ አለ፤ ድርጅቱን የሚመረምረው የውጭ ኦዲተር አለ፤ ከግብር ቢሮ የሚሠሩ አሉ፤ ነገ ልትቀጠርበት የምታስበው መሥሪያ ቤት ኃላፊም አለ። እዚያ መጠየቅ ማለት «ይህን ሳላውቅ ደመወዝ እቀበላለሁ» ብሎ በገበያ መሀል መጮህ ነው። ማንኛውንም ያህል ደግ ብንሆን ይህን ፍርሃት ከእርሷ ማስወገድ አንችልም፤ ፍርሃቱ ትክክል ነውና። መፍትሔው ስም የሌለው ጥያቄ ነው። ቴሌግራም አስተዳዳሪዎች በራሳቸው ስም ሳይሆን በቡድኑ ስም እንዲጽፉ ይፈቅዳል። ጠያቂው ለተረኛው በግል ይልካል፤ ተረኛው ድርጅቱን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቶ በቡድኑ ስም ይለጥፈዋል። ቀላል ነው፤ ወጪ የለውም። ከምመክራችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ጥያቄ በስውር ሊመጣ ይችላል፤ መልስ ግን በአደባባይ ይሁን። «ኢንቦክስ ግቢ፣ እነግርሻለሁ» የሚል መልስ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው እውቀቱ ከቡድኑ ይወጣና ነገ ሌላው ያንኑ ይጠይቃል፤ እኛም ተደጋገመ ብለን እንቆጣለን። ሁለተኛውን ሴት አባላት ያውቁታል። ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ የጠየቀች ሴት በግል የሚመጣላት መልእክት ሁልጊዜ ስለ ታክስ አይደለም። «በግል አትጻፉ፤ እዚሁ መልሱ» የሚለው ደንብ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ለእነርሱ ግን የግድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ልጨምር። ጀማሪ ሰው በጭንቀት የሠራተኞች ስም፣ ደመወዝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚታይበትን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል። የጤና ባለሙያ ከሆነ የታካሚ ካርድ ሊለጥፍ ይችላል። ወዲያው ይጥፋ፤ ነገር ግን ለምን እንደጠፋ ይነገረውና ጥያቄው በጽሑፍ ይመለስለት። ዝም ብሎ ማጥፋት ሰውየውን ያባርረዋል፤ ነገ ሌላ ቡድን ውስጥ ገብቶ ያንኑ ይለጥፋል።

«ፈልግ» ለማለትም አቅም መለካት ያስፈልጋል። ከወረኢሉ ገጠር ቀበሌ በሞባይል ዳታ የሚያነብ ሰው አሥር ሺህ መልእክት ወደ ኋላ ሲሄድ ብር ይከፍላል። ለአንድ አንቀጽ መልስ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ መላክም ያው ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ የቀረ ሰው ሲመለስ ብዙ ነገር ተለውጦ ጠበቀው። ነባር ስም ይዞ እንደ ጀማሪ ይጠይቃል፤ «አንተ ደግሞ የት ነበርክ?» ልንለው አይገባም።

በቋንቋም እንዲሁ። ከከሚሴና ከባቲ የሚመጡ ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። አንዳንዱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ አንዳንዱ እንግሊዝኛው ይሰበራል። ሆሄ የምናርምበት ቡድን ሌላ እንክፈት።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ ትናንትም አንድ የማከብራቸው ታላቅ ሰው ነግረውኛል። «እኛ በኩርኩም ነው የተማርነው፤ ቁጣ ያበረታል» አሉኝ። ከሶፍትዌር ዓለምም ተመሳሳይ ክርክር ሲነሳ ኖሯል፤ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ለዓመታት በቁጡ መልእክቶቹ ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ዞር አለ። የኔታ ኩርኩም ግን ሌላ ነገር ነበር እላለሁ። የተኮረኮመው ልጅ እዚያው ጎጆ ያድራል፤ የኔታ ስሙን፣ አገሩን፣ የማታ ራቱን ማግኘት አለማግኘቱን ያውቃሉ። ነገ ጠዋት እንደገና ፊታቸው ይቆማል። ቴሌግራም ላይ የተቆጣነው ሰው ከቡድኑ ለመውጣት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃዋል፤ መውጣቱንም አናውቅም። ሥርዓቱን ትተን ኩርኩሙን ብቻ ወረስን።

የነባሮች ድካምም እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ወር መጨረሻ ላይ ያው ጥያቄ ደጋግሞ ሲመጣ ያሰለቻል። የፈተና ጥያቄ ፎቶ ልኮ «መልሱን ላኩ» የሚልም አለ፤ እርሱን «አንሠራልህም፤ የት እንደቆምክ ንገረንና እናሳይህ» ማለት ነውር የለውም። ተረኛ የሚያስፈልገው ለነባሮቹም ጭምር ነው። በተራው ሳምንት የሚሠራ ሰው በሌላው ሳምንት ያለ ጸጸት ዝም ማለት ይችላል።

ይህን ሁሉ በቶሎ እንድናደርግ የምለው ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። ለጥያቄ በራሱ መልስ የሚጽፈው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ በእጅጉ ቀንሷል። ጀማሪዎች ወደ ማይቆጣ መላሽ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ያ መላሽ የተለወጠውን ሠንጠረዥ ትቶ አሮጌውን በልበ ሙሉነት ሊነግራቸው ይችላል፤ የኮምቦልቻ ግብር ቢሮ የትኛውን ቅጽ ቀድሞ እንደሚጠይቅም አያውቅም። ከዚህም በላይ እዚያ የተጠየቀ ጥያቄ በሁለቱ መካከል ቀርቶ ይጠፋል። እኛ ዘንድ ቢጠየቅ ኖሮ ሁለት ሺህ ሰው ያነበው ነበር።

(ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄዎች ቀርበዋል፤ ሁለቱን እዚህ አስቀምጣለሁ።)

አንዲት ነርስ እንዲህ አለች፦ «የእኛ ሙያ የሰው ሕይወት ነው። ማንም ይጠይቅ፣ ማንም ይመልስ ከተባለ የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ይጻፋል። ልቅ አይሆንም ወይ?»

እህቴ፣ በጣም ትክክል ነሽ፤ በንግግሬ ውስጥ ልለየው የሚገባኝ ነገር ነበር። በጥያቄ ላይ ልል፣ በመልስ ላይ ጥብቅ እንሁን። አሁን የምናደርገው ግልባጩን ነው። ጠያቂውን «ለምን አላነበብክም?» እያልን እናስጨንቃለን፤ «እኔ እንደዚህ ነው የምሠራው» ብሎ ያለ ምንጭ የመለሰውን ግን እናመሰግናለን። በእናንተ ቡድን መጠን የሚጽፍ ሰው የመመሪያውን ስምና የታተመበትን ዓመት አብሮ ይጻፍ፤ ካልጻፈ ተረኛዋ መልሱን ታንሣው። ጠያቂዋ ላይ ግን ምንም ቅድመ ሁኔታ አታስቀምጡ፤ ሌሊት ተረኛ ሆና ደንግጣ የጠየቀች ነርስ ቅጽ የምትሞላበት ጊዜ የላትም።

ከወልድያ የመጡ አንድ መሐንዲስ ደግሞ፦ «የእኛ ቡድን ብዙ አባል አለው፤ ወራት አልፈው የሚጠይቅ የለም። የሚለጠፈው የሥራ ማስታወቂያና የበዓል መልካም ምኞት ነው። ምን እናድርግ?» አሉ።

«ለምን አትጠይቁም?» ብላችሁ አትለጥፉ፤ ማንም አይመልስም። ማስታወቂያውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፍቀዱ። ከዚያ በቅርቡ የገቡ አምስት ሰዎች ምረጡና በስልክ ደውሉላቸው። በዚህ ወር ሥራ ላይ ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቁ፤ አጥር ላይ ይሁን፣ የሲሚንቶ መጠን ላይ ይሁን፣ የክፍያ ሰነድ ላይ ይሁን። የነገሯችሁን ስማቸውን ሳትጠሩ በቡድኑ ስም ለጥፉና ከአንድ ነባር መሐንዲስ ጋር ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ በዚያው ቀን መልስ ያግኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም ድገሙት። ከአምስቱ አንዱ ስልክ ካላነሣ ስድስተኛው ጋ ደውሉ።